ጀርመንኛ ለሚማሩ፦ የንባብ ደብተር እንዴት ይያዝ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጀርመን አገር ስላለው የሙያ ሥልጠናና የነርስነት ሥራ ሲጻፍ የቋንቋው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ «ቢ1 ወይም ቢ2 ይጠየቃል» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ እነዚህ ከጀማሪው ኤ1 ተነሥተው በኤ2፣ በቢ1፣ በቢ2 ከፍ እያሉ የሚሄዱ የቋንቋ ችሎታ ደረጃዎች ናቸው። እዚያ እንዴት እንደሚደረስ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን እምብዛም አይታይም። እኛ ጀርመንኛ የምናስተምር ሰዎች ነን። ተማሪዎቻችን ሰነፎች አይደሉም። የቃላት ዝርዝር ይሸመድዳሉ፣ ያለፉ ፈተናዎችን ፎቶ ኮፒ አስደርገው ደጋግመው ይሠራሉ። የጎደላቸው ያነበቡትን መልሰው በራሳቸው እጅ የሚጽፉበት ቦታ ነው። ስለዚህ ስለ ንባብ ደብተር መጻፍ ፈለግን። በዘፈቀደ የተያዘ ደብተር የትም እንደማያደርስ ስለምናውቅ ዝርዝሩ ውስጥ መግባታችንን አንባቢ ይታገሠን።

ለዕቃው ብዙ ወጪ አያስፈልግም። መስመር ያለው ተራ ደብተርና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይበቃል፤ ከስም በፊት ለሚመጡት የጾታ አመልካቾች (አርቲክሎች) ሰማያዊ ለወንዴው ዴር፣ ቀይ ለሴቴው ዲ፣ አረንጓዴ ከሁለቱም ላልሆነው ዳስ። ስልክ ላይ መጻፉን ግን አንመክርም። ጀርመንኛ የስሞችን ሁሉ የመጀመሪያ ፊደል በትልቁ ይጽፋል፤ ስልኩ ይህንን ራሱ ስለሚያስተካክል ተማሪው ስሕተቱን ሳያየው ያልፋል። ለአንድ ጽሑፍ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ገጾች ይያዙ። በግራው ገጽ ራስጌ ቀኑ፣ ጽሑፉ የተገኘበት ቦታ፣ ግምታዊ የቃላት ብዛቱ፣ ንባቡ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይጻፋል። ከሥሩ ከጽሑፉ የተገለበጡ ዓረፍተ ነገሮች ይገባሉ፤ ቢበዛ አምስት። ቀኝ ገጽ ተማሪው ራሱ የሚጽፍበት ነው፤ ለእርማት የሚሆን ሁለት ጣት ያህል ኅዳግ ይተውለት።

ደብተሩ ገና በሁለተኛው ሳምንት የሚጣለው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ከዐቅም በላይ ስለሚሆን ነው። ለኤ1 ከ60 እስከ 80 ቃል፣ ለኤ2 ከ120 እስከ 150፣ ለቢ1 ከ250 እስከ 300 ቃል ያለው ጽሑፍ ይበቃል። ክብደቱን ለመለካት የመጀመሪያዎቹን መቶ ቃላት ይዞ የማያውቁትን መቁጠር ነው። እስከ አምስት ከሆኑ ጽሑፉ ተስማሚ ነው። ከአምስት እስከ አሥር ከሆኑ ጉዳዩን አስቀድመው ሲያውቁት ብቻ ይሞከር። ከዚያ በላይ ከሆነ ለሦስት ወር ይቆይ። ኤ2 ላይ ሆኖ ትልልቆቹን የጀርመን ጋዜጦች ለማንበብ መታገል ትጋት ይመስላል እንጂ ውጤቱ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ብቻ ነው።

ዶይቼ ቬለ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ዜና ከነጽሑፉ ያቀርባል። ዶይችላንድፉንክ የተባለው ራዲዮ ደግሞ በየሳምንቱ በቀላል ጀርመንኛ የተጻፈ ዜና ያወጣል። ለእኛ የሚመች ተጨማሪ መንገድም አለ። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያሰራጭ የኖረ ስለሆነ አንዱን ዓለም አቀፍ ዜና መጀመሪያ በአማርኛ ሰምቶ ወይም አንብቦ፣ ከዚያ ያንኑ በጀርመንኛ ማንበብ ይቻላል። ጉዳዩን ያወቀ ሰው የቃሉን ፍቺ ከአገባቡ መገመት ይችላል፤ መገመትም የሚለመድ ችሎታ ነው። ቀላል መስለው የሚያታልሉት ተረቶች ናቸው። የልጆች ናቸው ተብለው ለጀማሪ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን የሚተረኩት ጀርመኖች በዕለት ንግግራቸው ለብዙዎቹ ግሦች በማይጠቀሙበት የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነው። «ጌየን»ን (መሄድ) ብቻ የሚያውቅ የኤ2 ተማሪ «ጊንግ»ን (ሄደ) ሲያይ አዲስ ቃል የመጣበት ይመስለዋል። ለቢ1 ይቆዩ።

መጀመሪያ ያለ እስክሪብቶ፣ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ከዚያ በግራው ገጽ ላይ «ጽሑፉ ስለ ምንድን ነው?» ለሚለው አንድ መስመር መልስ በአማርኛ ይጻፋል። በአማርኛ መሆኑ ነውር የለበትም፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው መረዳት ነው። በሁለተኛው ንባብ የማይታወቁት ቃላት ይሰመርባቸዋል። በመዝገበ ቃላት የሚፈለጉት ግን ርዕሱ ላይ ያሉት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የመጡትና የዓረፍተ ነገሩ ግሥ የሆኑት ብቻ ናቸው፤ ከሰባት አይብለጡ። ሌላው ይለፍ። ሁሉንም ቃል የሚፈልግ ተማሪ አንድ ጽሑፍ ላይ ሁለት ሰዓት ያጠፋና በማግሥቱ ደብተሩን መክፈት ያስጠላዋል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር፤ ወደ ደብተሩ የሚገባው ነጠላ ቃል ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ፦ «ዴር ኩርስ ፌንግት ኡም ኖይን ኡር አን»። ተማሪው «ፌንግት»ን አያውቀውም። መዝገበ ቃላት ሲከፍት «ፋንገን»ን ያገኛል፤ ያዘ፣ አጠመደ። ደብተሩ ላይ «ፋንገን፦ መያዝ» ብሎ ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን «ኮርሱ በሦስት ሰዓት ይጀምራል» ነው የሚለው። ግሡን ለሁለት ተከፍሎ ነው ያገኘው፤ ጭራው «አን» መጨረሻ ላይ ቀርቷል፤ ሙሉ ግሡ «አንፋንገን» ነው። «ኤር ሆርት ሚት ዴም ራውኸን አውፍ» ሲባልም «ሆረን» መስማት ስለሆነ ብዙዎች ሰውየው አንድ ነገር የሰማ ይመስላቸዋል። እርሱ ግን ማጨስ እያቆመ ነው፤ ግሡ «አውፍሆረን» ነው። «ኢሽ ሩፈ ዲሽ ሞርገን አን» የሚለውም «ነገ እደውልልሃለሁ» ማለት ነው፤ «ሩፈን» ለብቻው ግን ድምፅን ከፍ አድርጎ መጣራት ነው። (በነገራችን ላይ የጠዋቱ «ኖይን ኡር» በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ረስተው ማጠቃለያቸው ላይ ዘጠኝ ብለው የሚጽፉ ጥቂት አይደሉም፤ ለቀጠሮ ጉዳይ ይህ ዋዛ አይደለም።)

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሲገለበጥ ግሡ ይከበብና ዐይን በቀጥታ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ይሂድ። እዚያ «አን»፣ «አውፍ»፣ «አውስ»፣ «አይን»፣ «ሚት»፣ «ፎር»፣ «ጹ» የመሰለ ትንሽ ቃል ብቻውን ከቆመ ከግሡ ጋር በመስመር ይገናኝ። ከሥሩ የተዋሐደው ግሥ ይጻፍ፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚፈለገውም ያ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ መስተዋድድ ሆነውም ያገለግላሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ስም ወይም ተውላጠ ስም ካስከተለ መስተዋድድ ነው፣ ነጥቡ ፊት ብቻውን ከቆመ የግሡ ወገን ነው።

ለግሡ ሦስቱም ቅርጾች ይመዝገቡ፤ «አንፋንገን፣ ፊንግ አን፣ ሃት አንገፋንገን» እንደሚባለው። «ሃት» ነው ወይስ «ኢስት» የሚለውም አብሮ ይጻፍ፤ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድንና የሁኔታ ለውጥን የሚናገሩት ግሦች «ኢስት» ይዘው ነው የሚመጡት። ግሡ የሚስበው ሙያም (ስሙ ወይም ተውላጠ ስሙ ከግሡ ጋር ሲሄድ የሚይዘው ቅርጽ) መታለፍ የለበትም። በአማርኛ «ረዳሁት»፣ «ጠበቅሁት» ስንል ተሳቢው ግሡ ላይ ይለጠፋል፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት መንገድ ይነገራሉ። በጀርመንኛ ግን «ሄልፈን» (መርዳት) ዳቲቭ የተባለውን ሙያ ይፈልጋል፣ «ቫርተን» (መጠበቅ) ደግሞ «አውፍ»ን አስቀድሞ አኩዛቲቭ የተባለውን። «ኢሽ ሄልፈ ዲሽ» ስሕተት ነው፤ «ዲር» መሆን አለበት። «ኢሽ ቫርተ ዲሽ»ም «አውፍ» ጎድሎታል። የእንዲህ ያሉ ግሦችን ሠንጠረዥ በቃል መያዝ ብዙ አይረዳም፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ደጋግሞ የጻፈው ሰው ግን ሲናገር ጆሮው ራሱ ያስጠነቅቀዋል።

ስም ሲመዘገብ ከነአርቲክሉና ከነብዙ ቁጥሩ ነው፦ «ዴር ተርሚን፣ ዲ ተርሚነ»፤ «ዳስ አምት፣ ዲ ኤምተር»፤ «ዲ ቮኑንግ፣ ዲ ቮኑንገን»። እኛ «ኦች» ጨምረን ስለምንገላገል ብዙ ቁጥር ያን ያህል ዐይነት ይኖረዋል ብለን አንጠብቅም፤ ስለዚህ ተማሪ ሁሉ ነጠላውን ብቻ ይጽፋል። ጾታውም እንዲሁ ነው። በአማርኛ አንድን ዕቃ ስናሳንሰው ወይም ስናቆላምጠው በሴት ልንጠራው እንችላለን፤ በጀርመንኛ ግን የአንድ ስም ጾታ እንደየስሜቱ አይለወጥም። በ«ኡንግ»፣ በ«ሃይት» እና በ«ካይት» ለሚጨርሱት ድካም አያስፈልግም፤ እንደ ደንቡ «ዲ» ናቸው። የረዘሙት ጥምር ስሞች ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚፈቱት። «ክራንከንፈርዚሸሩንግ»ን ከኋላ ብንጀምር «ፈርዚሸሩንግ» መድን ነው፤ ከፊቱ ያለው የበሽተኞችን ነገር ስለሚናገር ጥምሩ የጤና መድን ይሆናል። አርቲክሉን የሚወስነው የመጨረሻው ቃል ነው። «ዲ አርባይት» ብንልም «ዴር ፈርትራግ» ስለሆነ የሥራ ውል «ዴር አርባይትስፈርትራግ» ነው። በመካከሉ የገባችው «ስ» ማያያዣ ናት፤ ፍቺ የላትም።

እዚህ የጀርመንኛውን ቃል በፊደላችን የጻፍነው ለጋዜጣው ብለን ነው። ደብተር ላይ ይህን ማድረግ ግን ጉዳት አለው። ከተማም «ሽታት» ነው፣ መንግሥት የሚለውም «ሽታት» ነው፤ በላቲኑ አጻጻፋቸውም የድምፃቸው ርዝመትም ይለያያል። የቤት ኪራይና መካከል የሚሉትም ሁለቱ «ሚተ» ይሆናሉ። ፊደላችን የራሱን ቋንቋ መጥበቅና መላላት እንኳ ለአንባቢው ግምት ነው የሚተወው፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው የሚታወቀው ባነጋገር ውስጥ ነው። ለአነባበብ እርዳታ ከተፈለገ ቀረጻውን ማዳመጥ ወይም በረጅሙ አናባቢ ሥር መስመር ማድረግ ይሻላል።

ፍቺውን በእንግሊዝኛ መመዝገብም ሌላው ችግር ነው። ከአማርኛ ወደ ጀርመንኛ የሚወስድ መዝገበ ቃላት እንደልብ ስለማይገኝ ብዙው ተማሪ በእንግሊዝኛ በኩል ይዞራል፤ መዞሩ ባይቀርም ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ፍቺ አማርኛ ይሁን። «በኮመን» ማግኘት ነው፤ የእንግሊዝኛው መሳዩ ግን መሆን ማለት ነው። «ቮ» የት፣ «ቬር» ማን ነው፤ እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ ሁለቱን ያገላብጣቸዋል። «አልዞ»ም ስለዚህ እንጂ ደግሞ ማለት አይደለም። የአማርኛው ፍቺ በገጹ ግርጌ ይጻፍ እንጂ በቃሉ አናት ላይ አይጻፍ። አናቱ ላይ ከተጻፈ በሚቀጥለው ጊዜ ዐይን የሚያነበው አማርኛውን ብቻ ነው።

ከዚያ ጽሑፉ ይከደንና ወደ ቀኝ ገጽ ይታለፋል። ለኤ2 አምስት ዓረፍተ ነገር፣ ለቢ1 80 ቃል ያህል ይበቃል፦ ጽሑፉ የሚለው፣ የአንባቢው አስተያየት፣ መልስ ያላገኘ አንድ ጥያቄ። ከጽሑፉ በተከታታይ ከአራት ቃል በላይ እንዳለ ከመጣ መገልበጥ ስለሆነ ይለወጥ። ሁለት ዓረፍተ ነገር በጊዜ ቃል እንዲጀምር፣ አንዱ «ቫይል» (ምክንያቱም)፣ አንዱ «ዳስ» (አርቲክሉ ሳይሆን «እንደ…» የሚለው) የሚል አያያዥ እንዲኖረው እናዛለን፤ ምክንያቱ ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያሳርፍ «ቫይል ኢሽ ክራንክ ቢን» (ስለታመምሁ) ለእኛ ተማሪ አይከብደውም፤ አውሮፓውያን የሚቸገሩበት ቦታ ነው፣ እኛ ቀድመን እንገኛለን። የሚጥለን ዋናው ዓረፍተ ነገር ነው። እዚያ ግሡ ሁለተኛ ቦታ ላይ መቆም አለበት፤ «ጌስተርን ሃበ ኢሽ» እንጂ «ጌስተርን ኢሽ ሃበ» አይባልም። በ«ትናንት»፣ በ«ዛሬ»፣ በ«ከሥራ በኋላ» መጀመርን ያልተለማመደ ሰው ቢ2 ደርሶም ይህችን ስሕተት ይዟት ይሄዳል።

እርማቱ በአንድ ዙር አይሆንም። ሁሉንም በአንዴ የሚያይ ዐይን ግማሹን ይዘላል። መጀመሪያ ግሦቹን ብቻ፦ ቦታቸው ትክክል ነው? ጭራቸው አለ? ከዚያ አርቲክልና መጨረሻዎችን፤ በተለይ «አውስ»፣ «ባይ»፣ «ሚት»፣ «ናኽ»፣ «ዛይት»፣ «ፎን»፣ «ጹ» ካሉ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ሁልጊዜ ዳቲቭ መሆኑን። በመጨረሻ ትልልቅ ፊደላትንና አጻጻፍን። ኅዳጉ ላይ ምልክት ይደረግ፤ ለግሥ ቦታ «ግ»፣ ለአርቲክል «አ»፣ ለሙያ «ሙ»፣ ለአጻጻፍ «ጽ»። አንድ ምልክት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፍ። የስልክ ማረሚያ መተግበሪያ የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያረመውም በእጅ ተገልብጦ ምልክቱ ይሰጠው። ቀድሞ የተከፈተ እንደሆነ ሥራውን የሠራው መተግበሪያው ነው፤ ፈተና ክፍል ውስጥ ደግሞ እርሱ አይገባም።

ጠቅላላው ሥራ ግማሽ ሰዓት ነው፤ አምስት ደቂቃ ንባብ፣ አሥር ደቂቃ ፍለጋና ግልበጣ፣ አሥር ደቂቃ ማጠቃለያ፣ አምስት ደቂቃ እርማት። በሳምንት አራት ቀን በቂ ነው። በማግሥቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ የግራው ገጽ ዓረፍተ ነገሮች ይሸፈኑና ከግርጌው አማርኛ ተነሥቶ ዓረፍተ ነገሩ በቃል ይጻፋል። የማይመለስ ደብተር የጽሑፍ ልምምድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ከፈተናው ጋር የተራራቀ አይደለም። የጎተ ኢንስቲትዩት የቢ1 ፈተና የንባብ ክፍል 65 ደቂቃ፣ አምስት ክፍልና 30 ጥያቄ አለው፤ በየሞጁሉ (በእያንዳንዱ የፈተናው ዘርፍ) ከ100 ነጥብ 60 ማምጣት ያስፈልጋል። ከሚቀርቡት ጽሑፎች መካከል የሥራና የአገልግሎት ማስታወቂያዎች፣ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሰጧቸው አጫጭር አስተያየቶች፣ እንደ ቤት ወይም ተቋም ደንብ ያሉ መመሪያዎች ይገኙባቸዋል። ዜና ብቻ የሚያነብ ተማሪ ማስታወቂያና ደንብ ፊት ሲቀርብለት ይደነግጣል፤ በወር ውስጥ ሁሉም ዐይነት ይዳረሱ። የጽሑፍ ፈተናውም ሁለት የ80 ቃል ያህል ሥራዎችና አንድ የ40 ቃል ያህል መደበኛ መልእክት ስለሚጠይቅ ማጠቃለያውን 80 ያልነው ያለ ነገር አይደለም። ነርስነትን ለሚያስቡ ደግሞ የተነበበን ነገር በአጭርና በትክክል መጻፍ የወደፊት ሥራቸው አካል ነው፤ ጀርመን ውስጥ ለበሽተኛ የተደረገው እንክብካቤ ሁሉ በጽሑፍ ይመዘገባል።

ፍራንክፈርትም ሆነ ሌላ የጀርመን ከተማ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ከሁሉ የተሻለው ንባብ በፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ያለው ነው። ከጤና መድን ድርጅት፣ ከቤት አከራይ፣ ከመንግሥት ቢሮ የሚመጣው ደብዳቤ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገሮችን ይደጋግማል። «ቢስ» (እስከ) ወይም «ሽፔተስተንስ» (ቢዘገይ እስከ) ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቀን ማለቂያ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይከበብ። ሲገለበጥ ስምና የመዝገብ ቁጥር ይቅር፤ ደብተሩን የክፍል ጓደኛ ያየዋልና። ደብዳቤው መልስ የሚጠይቅ ከሆነ የዚያን ዕለት ማጠቃለያ መልሱ ራሱ ይሁን።

ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ጀርመንኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች በሳምንት ከአንዱ ክፍለ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ለደብተር ይስጡ፤ ተማሪዎች ተለዋውጠው ግሡን ብቻ እንዲተራረሙ፣ መምህሩም ከየደብተሩ አንድ ማጠቃለያ ብቻ እንዲያይ። ብዙ መምህራን የሚሸሹት ሁሉንም ማረም ያለባቸው ስለሚመስላቸው ነው። ጋዜጣችሁ ደግሞ ፈቃዱ ከሆነ በትምህርት ገጹ ጥግ ላይ በሳምንት አንድ የ100 ቃል ጽሑፍ በላቲን ፊደል ያውጣልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከግርጌው የተለዩት ግሦች ተሟልተው ይታተሙ። ጽሑፎቹን በደረጃ እየመረጥን ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የጀርመንኛ ቋንቋ መምህራን፣ አዲስ አበባ